በሬክስዴል ደጅ የጠየቅሁት ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ከሐዋሳ ተነሣሁ። ሾፌሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ብሎኝ ስለነበር ሃያውን ደቂቃ ሳልመዘግብ ማለፍ አልፈለግሁም። በዚህ ማስታወሻ የቶሮንቶን ሰዓት እንኳ በእኛ አጠራር እጽፈዋለሁ፤ ቀትር ስድስት ሰዓት ነው።

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ሒሳብ ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄአለሁ። ዘጠኝ ዓመት በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ መምህራን ሳሠለጥን ፖርቱጊዝ ለመድሁ፤ ከተመለስሁ በኋላ እስከ ጡረታዬ የአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ነበርሁ። በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያንም ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ምእመን ወደ ሌላ አጥቢያ ሲሄድ መሸኛ ደብዳቤውን የምጽፍለት እኔ ነበርሁ፤ ከሌላ የመጣውንም ደብዳቤ የምመረምር እኔው ነበርሁ። ማኅተሙ የደበዘዘ እንደሆነ ሰውየውን አስተካክለህ አምጣ ብዬ እመልሰዋለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ለደረሰው ነገር ሥሩ እዚህ ስለሆነ ነው።

የጉዞው ምክንያት ይህ ነበር። በቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር፣ የእኛ ሰዎች በአማርኛ የሚያመልኩበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም ግርማ የኮሌጃችን ተማሪ ነበረ። በክረምቱ ደወለልኝና፣ ከአንጎላ፣ ከብራዚልና ከሞዛምቢክ የመጡ ፖርቱጊዝ ተናጋሪ ስደተኞች በቋንቋቸው የሚያመልኩበትን ቤተ ክርስቲያን ለመትከል መነሣታቸውን ነገረኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ እንዲፈቀድላቸው፣ ለጊዜውም በአማርኛው ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር እንዲሆኑ ለምነዋል።

«ጋሼ፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ ከእኛ መካከል የለም» አለኝ። «ምን እንደሚያስተምሩ አናውቅም። እርስዎ መጥተው ቢሰሙልንና ቢመክሩን።»

የእህቴ ልጅ ሰናይት በዚያው ከተማ ትኖራለችና ቪዛውን ቀደም ብላ አስጨርሳልኝ ነበር። እሺ አልሁ። በዚህ ዕድሜ የሚፈልገኝ ሰው መገኘቱ ደስ እንዳሰኘኝ አልደብቅም።

በኮቴ የውስጥ ኪስ የራሴን መሸኛ ደብዳቤ ይዣለሁ። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ደብዳቤ ግድ አይደለም፤ እኔ ግን አስጻፍሁ፤ የመጀመሪያው ማኅተም በደንብ አልወጣምና ሁለተኛ አስመታሁ። ዝዋይ ላይ ሚኒባሱ ጎማ ቀየረ፤ ሞጆ ላይ ሽሮ በላሁ። ማምሻውን አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ደብዳቤው በኪሴ መኖሩን አራተኛ ጊዜ ዳሰስሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13። ቶሮንቶ የደረስነው በማለዳ ነው። ሰናይት ወፍራም ካፖርት በክንዷ ይዛ ጠበቀችኝ፤ የሟች ባሏ ካፖርት ነበር፤ እጅጌው ረዘመብኝ።

«እንኳን በደህና መጡ ጋሼ! ሺፍቴን ቼንጅ አድርጌ ነው የመጣሁት፤ እስከ ስምንት ሰዓት ፍሪ ነኝ» አለችኝ። ሥራዋ በአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን መርዳት ነው።

«ፈረቃዬን ቀይሬ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?»

«እንደሱ ስል ራሴም አይገባኝ ጋሼ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ቤቷ በከተማው ምሥራቅ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው የረጃጅም ሕንፃዎች መንደር ነው፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ። ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ ተበላሽቶ ስለነበር በሌላው ፊት ሃያ ያህል ሰው ተሰልፏል። አንዲት የቤንጋል ተወላጅ ነኝ ያለች ጎረቤት ከገበያ የተመለሰችበትን ባለጎማ ዘንቢል ገልብጣ «ተቀመጡ አባባ» በሚል ምልክት አስቀመጠችኝ። በሐዋሳ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ኖሬ አላውቅም። ከሰናይት መስኮት ቁልቁል ስመለከት በሣሩ ላይ ትልልቅ ዝዮች በዝግታ ይመላለሱ ነበር፤ የእኛ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በዓሣ ገበያው አጠገብ እንደዚሁ ይንጎራደዳሉ፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ ዓሣ አጥማጅ መጠበቃቸው፣ እነዚህ ማንንም አለመጠበቃቸው ነው። ለምሳ ሰናይት ዓሣ ጠበሰችልኝ፤ ከካርቶን የወጣ፣ አጥንት የሌለው፣ አራት ማዕዘን ዓሣ ነው። በላሁ፤ የሐይቃችንን ዓሣ ግን አላነሣሁባትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ግርማ እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለነበር፣ «ዶሚንጎስ የሚባለው የፖርቱጊዝ ተናጋሪዎቹ መሪ ኪፕሊንግ ጣቢያ ይቀበልዎታል፤ አንድ ባቡር ነው፤ መጨረሻው ላይ መውረድ ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ በአምስት ሰዓት ተሳፈርሁ። የአገሩ ሰዓት ከሰውነቴ ጋር ገና አልተስማማምና እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ባቡሩ መጨረሻው ደርሶ፣ ተመልሶ፣ እኔን ይዞ ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነበር። ወርጄ ሌላ ባቡር ያዝሁ። ኪፕሊንግ ስደርስ በተሳሳተው በር ወጥቼ በዝናብ ውስጥ ጣቢያውን ዞርሁት፤ ጫማዬ ውኃ ሞላ።

ዶሚንጎስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ጠብቆኛል። ዕድሜው አርባ አምስት ቢሆን ነው፤ ቁመተ ረጅም፣ የሥራ ቦት ጫማ ያደረገ፤ በካርቶን ቁራጭ ላይ ስሜን ጽፎ በደረቱ ይዟል።

«ይቅርታ፣ አስጠበቅሁህ» አልሁት በፖርቱጊዝ።

ካርቶኑን ዝቅ አደረገና ፊቱ በራ። «ማይሽ ቬልዩ! እውነት ትናገራላችሁ ማለት ነው! እኔስ ‹ቦን ዲያ› ብቻ የምታውቁ መስሎኝ ነበር።» ቦን ዲያ እንደምን አደሩ ማለት ነው፤ ማይሽ ቬልዩ አንጎላዎች ሽማግሌን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ታላቃችን እንደ ማለት ነው። እኔን ብቻዬን ‹እናንተ› የሚሉኝም በአንቱታ ነውና እንዲሁ አቆየዋለሁ።

ወደ ግርማ ከመውሰዱ በፊት ጫማዬን አይቶ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ቤቱ ሬክስዴል ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሚስቱ ዴልፊና ሰላም ሳትለኝ እግሬን አየች። «ዶሚንጎስ! ሽማግሌውን በጉንፋን ልትገድለው ነው?» ብላ ጮኸችበት፤ ጫማዬን በማሞቂያው ላይ ሰቅላ የባሏን ግራጫ የሱፍ ካልሲ ሰጠችኝ። ከዚያ ፉንጅ አቀረበች። ፉንጅ የእኛን ገንፎ ይመስላል፤ የካሳቫ ዱቄት ስለሆነ ግን ይሳባል፤ በመሐሉ ቅቤና በርበሬ የለም፤ ከጎኑ የዓሣ ወጥ ይደረጋል። በማፑቶ ሳለሁ የዚህን ዘመድ እበላ ነበር። ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ፤ እኔም እንደ ቤቴ በልቼ እጄን ታጠብሁ።

በሩ ላይ ከሕንፃው አስተዳደር የመጣ ወረቀት ተለጥፏል። ዶሚንጎስ አነበበልኝ። ዐርብ ዐርብና እሑድ እሑድ በሳሎናቸው ሲያመልኩ ጎረቤት ስለ መዝሙሩ ከሷል፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ከነገው ዐርብ በኋላ በዚያ ቤት ቢዘመር ቤቱን ይለቃሉ።

«ስለዚህ እሑድ በእናንተ አዳራሽ እንጀምራለን ብለን ለሁሉም ነግረናል» አለኝ። «ከበሮውንና የመዝሙር መጻሕፍቱን ወንድም ግርማ ዕቃ ቤት አስቀምጦልናል። እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ አለቃዬ የእሑድ ፈረቃ ውሰድ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ሦስት ጊዜ እምቢ ብያለሁ። እሑድ የእኛ ናት።»

ዐርብ፣ ጥቅምት 15። በረገፈው ቅጠል መካከል፣ በየቤቱ ደጃፍ፣ ትልልቅ ዱባ ተቀምጦ አየሁ። ሊበሉት አይደለም፤ ዐይንና ጥርስ ቀርጸውበት እዚያው እንዲበሰብስ ይተዉታል። የሐዋሳን ገበያ አስቤ ዘወር ብዬ ሄድሁ።

በአሥራ አንድ ሰዓት በዴልፊና ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ልጆችን ሳልቆጥር አሥራ ስድስት ሰው። ከፍሌሚንግደን ፓርክ በሦስት አውቶቡስ የመጣች ዙልሚራ የምትባል ሞዛምቢካዊት የማፑቶን ሰፈሬን ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ ዘመሩ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሌሎቹ በክርን ይጎስሙታል። ዶሚንጎስ በእንግድነት ስለ መኖር አስተማረ። ደብተሬን ከፍቼ ስሕተት ፈለግሁ። አላገኘሁም። ከጥቅሱ አይወጣም፤ ያልገባውን አልገባኝም ይላል፤ ሕዝቡን አይጮኽበትም። በሃያ ሁለት ዓመት ከሰማኋቸው ሰባክያን ስንቶቹ እንዲህ እንደነበሩ ልቆጥር ሞክሬ ተውሁት።

ሲጨርስ ጥያቄዬን አቀረብሁ። «የት ነው ለአገልግሎት የተለየኸው?»

«አንጎላ፣ ሉዋንዳ።»

«ከዚያ ያመጣኸው መሸኛ ደብዳቤ አለ?»

እንደ ቀልድ ፈገግ አለ፤ ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ፈገግታውን ሰበሰበ። «ነበረኝ። ከብራዚል ተነሥተን በእግር ወደ ሰሜን ስንመጣ ወንዝ ወሰደው። ዴልፊናን ልያዝ ወይስ ቦርሳውን? ዴልፊናን ያዝሁ።»

«ቦርሳውን ብትይዝ ይሻልህ ነበር፤ ቦርሳ አይናገርም» አለች ዴልፊና። ሁሉም ሳቁ።

«ሌላ ማስጻፍ ይቻላል» አልሁ።

«ማይሽ ቬልዩ፣ ከሄድሁ በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ ለሁለት ተከፍላለች። ሁለቱም አንዱ አንዱን አያውቀውም ይላሉ። የትኛቸውን ማኅተም ትቀበላላችሁ?»

የሁለቱንም ስልክ ቁጥር ጽፌ ያዝሁ። ካልሲውን ልመልስ ስል ዴልፊና እሑድ ታመጡታላችሁ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። በአራት ሰዓት ከአራቱ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥሁ። አዳራሹ ቀድሞ መጋዘን የነበረ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ግን ንጹሕ ነው፣ ወንበሮቹም በመስመር ቆመዋል። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ወንድም ዳዊት ከመንገድ በቀጥታ መጥቶ ነበር።

«እንግዲህ ይንገሩን ጋሼ» አለ ዳዊት። «ሰውየው ያስተምራል ወይስ ይለፈልፋል?»

«ያስተምራል። በትክክል ያስተምራል።»

«ታዲያ ምን ቀረ? ቁልፉን እንስጣቸዋ።»

«ደብዳቤ ቀረ» አልሁ።

ዳዊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እኔ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ነው የመጣሁት ጋሼ። በረሃ ላይ መሸኛዬን ማን ይጽፍልኝ ነበር፣ ጅብ?»

ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። «አንተ ምእመን ሆነህ ነው የገባኸው፤ እሱ እረኛ ሊሆን ነው። ልዩነት አለው» አልሁና ማስረዳት ጀመርሁ። ሥርዓት ስለ ምን እንደ ቆመ፣ ደብዳቤ ያልተጠየቀባቸው አጥቢያዎች ምን እንደ ደረሰባቸው፣ አንድ ወር መታገሥ ምን ጉዳት እንዳለው ዘረዘርሁ። የሕንፃውን ማስጠንቀቂያም አልሸሸግሁም፤ ግን እንደ ትንሽ ነገር በመካከል ጠቅሼ አለፍሁት። ሃያ ደቂቃ ተናገርሁ።

ግርማ ተማሪ ሳለ የሚከራከረኝ ልጅ ነበር። አሁንም እንዲከራከረኝ ጠበቅሁ። መልሱን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ «እንግዲያው በቅድመ ሁኔታ ፍቀዱላቸው» ልል ነበር። ግርማ ግን እጆቹን አጣምሮ ወደ ሌሎቹ ተመለከተ።

«ጋሼ ይህን ያህል መንገድ መጥተው፣ በጆሯቸው ሰምተው የመከሩን ነው» አለ በመጨረሻ። «እኛ ምን እንጨምራለን? ደብዳቤው እስኪመጣ ይቆይ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳዊት ጠረጴዛውን እያየ «እሺ፤ ጋሼ ካሉ» አለ። በጸሎት ተዘጋ።

እኔ ሐሳብ አቀረብሁ ብዬ ነበር፤ እነሱ ፍርድ አድርገው ወሰዱት። በሐዋሳ ይህን አውቃለሁ፤ የሁሉ ታላቅ ከተናገረ ነገሩ ያበቃል፤ ስለዚህ በሽማግሌዎች ስብሰባ ሁልጊዜ በመጨረሻ እናገራለሁ። በካናዳ ይህን ያህል ዘመን የኖሩ ሰዎች ይህን ልማድ የተዉት መስሎኝ በመጀመሪያ ተናገርሁ። ኮታቸውን፣ ምግባቸውን፣ ግማሽ ቋንቋቸውን ቀይረዋል፤ ይህን ግን አልቀየሩም።

«ለዶሚንጎስ ማን ይነግረዋል?» አለ ዳዊት ከበሩ ላይ።

«ቋንቋውን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው» አለ ግርማ። «ማታ ኮል ያድርጉለት።»

በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሰናይት ስልክ ደወልሁ። ያነሣችው ዴልፊና ናት። ዶሚንጎስ ሥራ ላይ ነበር። አፌን ሳልከፍት፣ የልጆቹን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ መጨረሷን፣ ዙልሚራ ኬክ መጋገሯን፣ አንድ የብራዚል ቤተሰብ አዲስ እንደሚጨመር ነገረችኝ። «ማይሽ ቬልዩ፣ ነገ እናንተ በጸሎት ትከፍቱልናላችሁ፤ ሁላችንም ተስማምተናል» አለች።

አርባ ዓመት ያህል መጥፎ ውጤት ለተማሪ በግልጽ ስናገር የኖርሁ ሰው ነኝ። «ነገ እንገናኛለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። በማለዳው የአማርኛ አምልኮ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግርማ ወደ መድረክ ጠራኝ። «ጋሼን የማያውቅ ካለ የሰናይት አጎት ናቸው!» አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እናቶች እልል አሉ። ቃል እንዳካፍል ተጠየቅሁ፤ አካፈልሁ። ስወርድ ደብዳቤዬን ከኪሴ አውጥቼ ለግርማ ሰጠሁት።

«ምንድነው ጋሼ?»

«የአጥቢያዬ መሸኛ።»

«ጋሼ ደግሞ! እርስዎን ማን ደብዳቤ ይጠይቃል?» ብሎ ሳይከፍተው በመጽሐፍ ቅዱሱ መካከል ከተተው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሕዝብ መካከል ከግርማና ከሰናይት በቀር ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። ይስበኩ ሲሉኝ ሐሰተኛ ብሆን ኖሮ የሚያውቅብኝ አልነበረም። የሰናይት አጎት መሆኔ በቃ።

በስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ በዝናቡ ውስጥ መኪኖቻቸው መጡ። ነጫጭ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች ቀድመው ወደ በሩ ሮጡ። ዶሚንጎስ ከረቫት አስሯል። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ያን ጊዜ ነገርሁት። ሥርዓት፣ ደብዳቤ፣ አንድ ወር የሚሉትን ቃላት በጥሩ ፖርቱጊዝ፣ በተስተካከለ ዐረፍተ ነገር ተናገርሁ። ዙልሚራ ኬኩን በላስቲክ ሸፍና ከኋላው ቆማለች።

ዶሚንጎስ እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀ። «መቼ ነው የተወሰነው?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ማታ ደውላችሁ ነበር።»

«ደውዬ ነበር።»

ዶሚንጎስ ዘወር ብሎ ለሕዝቡ ነገራቸው። ዴልፊና ብቻ «እኛ እኮ ወረቀታችሁን ሳንጠይቅ ነው ያበላናችሁ!» አለችኝ፤ ከዚያ በተናገረችው አፍራ ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች።

በመኪና ማቆሚያው ላይ በክብ ቆመው አንድ መዝሙር ዘመሩ። ዐርብ በለሆሳስ የዘመሩት ነበር፤ አሁን ከልካይ ስለሌለ በሙሉ ድምፅ ዘመሩት። እኔ ወደ ውስጥ ሮጥሁ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ።

«ግርማ፣ ክፈትላቸው! እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።»

ግርማ የወንበሮቹን መስመር ያስተካክል ነበር። «ጋሼ፣ አራት ሽማግሌ ተስማምቶ ጸሎት አድርጎ የዘጋውን ብቻዬን እንዴት እከፍተዋለሁ? እርስዎ ራስዎ ትናንት ስለ ሥርዓት…»

ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ። «እንግዲያው ደውልላቸው» አልሁት። ለዳዊት ሲደውል «ክፈትላቸው፣ ምን ትጠይቀኛለህ!» የሚለው ጩኸት እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ሁለተኛውን እስኪያገኝ አሥር ደቂቃ አለፈ። ስንወጣ ማቆሚያው ባዶ ነበር። በበሩ ደፍ ላይ ኬኩን ትተውልናል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ታመምሁ ብዬ ተኛሁ፤ አልታመምሁም። ሰናይት ከሥራ መጥታ የአጃ ገንፎ ሠራችልኝና ሁሉንም ነገርኋት። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ የምሠራበት ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች የሚሰማቸው የለም። ቀኑን ሙሉ ይናገራሉ፤ ሁላችንም ኦኬ እያልን እናልፋቸዋለን። ያሳዝኑኛል። እርስዎን ግን ሁሉም ይሰማዎታል። ይሄኛው ደግሞ ያስፈራል።»

ከማክሰኞ እስከ ዐርብ ያለውን አሳጥሬ እጽፋለሁ። የዶሚንጎስን ትምህርት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ለሰውየው እኔ እመሰክራለሁ የሚል ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ ጽፌ ፈረምሁ። ቅዳሜ ልጽፈው እችል የነበረ ደብዳቤ ነው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ወሰደብኝ። ሽማግሌዎቹ በስልክ ተነጋግረው በዚያው ዕለት ተስማሙ፤ ግርማ «ይህን ነበር የምንጠብቀው ጋሼ» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የደግነት ቃላት እንዲህ የከበደኝ የለም። ወደ ሉዋንዳ ደወልሁ። አንደኛው ወገን ሌላውን ጠይቅ አለኝ። ሌላው ሰውየውን እናውቀዋለን፣ እንጽፋለን አለ።

ዶሚንጎስ ግን ስልክ አያነሣም ነበር። ሐሙስ ወደ ቤቱ ሄድሁ፤ በዚህ ጊዜ በባቡሩ ውስጥ ቆሜ ነው የሄድሁት። ማንም አልነበረም። ወረቀት ከበሩ ሥር አስገባሁ፤ «አዳራሹ ከእሑድ ጀምሮ የእናንተ ነው፤ ስምንት ሰዓት፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 24። ያን ዕለት፣ ብርዱ ሲቃረብ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ የአገሩ ሰዓት በሙሉ በሕግ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። ሰናይት በሌሊት ፈረቃ ስለነበረች የነገረኝ የለም፤ በእጄ ሰዓት ሄጄ የአማርኛው አምልኮ ሳይጀመር አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስሁ። ከአምልኮው በኋላ ግርማና እኔ ሃያ አምስት ወንበር በመስመር አቆምን። ማሞቂያውን ከፈትን። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ግርማ መስኮቱ ዘንድ ሄዶ ይመለስ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ዴልፊና ብቻዋን መጣች። ወንበሮቹን አየች፤ አንዱን በእጇ ነካችው።

«ወረቀታችሁን አንብበነዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችኝ። «ከበሮውንና መጻሕፍቱን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ዶሚንጎስ ተቆጥቷል?»

«አልተቆጣም። ሥራ ላይ ነው። ሰኞ ዕለት አለቃው የእሑዱን ፈረቃ አራተኛ ጊዜ ጠየቀው። እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ።»

«ሌሎቹስ?»

«ዙልሚራ በሰፈሯ የእንግሊዝኛ ቤተ ክርስቲያን አግኝታለች፤ ግማሹን ባይገባትም ልጆቿ ይገባቸዋል። ብራዚሎቹ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። ገና አንድ ቀን እንኳ አብረን አልዋልንም ነበር።»

«አዳራሹ ክፍት ነው በይው። በየሳምንቱ በስምንት ሰዓት ይከፈታል። ግርማ ቃል ገብቷል።»

«እነግረዋለሁ።»

የመጻሕፍቱን ሣጥን እኔ ተሸክሜ እስከ መኪናዋ አደረስሁ። አልከለከለችኝም። ካልሲውን አጥቤ አጥፌ በኪሴ ይዤ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋት። አየችው፤ ወደ ጫማዬም አየች።

«የምትመለሱት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እስከ ማክሰኞ ይበርዳል» ብላ መልሳ በእጄ አስጨበጠችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ሰናይት አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰችኝ። በመንገዱ ላይ ከመጋዘኖቹ መካከል የዶሚንጎስ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላወቀችም፤ ሁሉም ግራጫ ናቸው። ግርማ መሸኛዬን በፖስታ አድርጎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ማኅተሙ ሳይነካ።

ሐዋሳ ስገባ የአሁኑ የአጥቢያችን ጸሐፊ ደብዳቤውን ተቀበለኝና መዝገቡን ከፈተ። «ጋሼ፣ በመዝገቡ ላይ ‹ተቀባይ አጥቢያ የሰጠው መልስ› የሚል ቦታ አለ፤ ምን ብዬ ልሙላው?» አለኝ። ይህን ቦታ በመዝገቡ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ባዶ ተወው አልሁት።

ይህን ማስታወሻ እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ከሉዋንዳ ደብዳቤ አልመጣም። ግርማ እሑድ እሑድ በስምንት ሰዓት አዳራሹን እየከፈተ እስከ አሥር ሰዓት እንደሚቀመጥ ሰናይት ነግራኛለች፤ የመጣ ሰው ይኑር አይኑር አልነገረችኝም፤ እኔም ሁለት ጊዜ ደውዬ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋሁ። ዶሚንጎስ የእሑዱን ፈረቃ ይተው ወይም ይቀጥልበት አላወቅሁም። ካልሲው እኔ ዘንድ ነው።